በዋንዴገያ መንገድ ላይ የቢስክሌት ነጂው ድርሻ

ሰው ከቦታ ወደ ቦታ ለመዘዋወር ካገኛቸው መሣሪያዎች መካከል የሰውን ጉልበት ሳይተካ ጉልበቱን የሚያበረክትለት ቢስክሌት ነው። መኪና ነዳጅ ይጠይቃል፤ ፈረስ ሣርና ገብስ ይፈልጋል፤ ቢስክሌት ግን የሚጠይቀው የነጂውን ቁርስ ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ከተማ ውስጥ ለቢስክሌት ነጂው የተተወለትን ስፍራ የተመለከተ ሰው፥ በዚያ ከተማ ለሠራተኛውና ለአነስተኛው ነጋዴ የተሰጠውን ስፍራ ለመገመት አይቸግረውም። ይህን ነገር ለመመርመር ከሚያመቹት ቦታዎች አንዱ በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ የሚገኘው ዋንዴገያ የተባለው ሰፈር ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ካምፓላ ከቪክቶሪያ ሐይቅ በስተ ሰሜን፥ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር በሚደርስ ከፍታ፥ በኮረብታዎች ላይ የተሠራች ከተማ ናት። እያንዳንዱ ኮረብታ የየራሱ ጌታ ያለው ይመስላል፤ በአንዱ ላይ ካቴድራል፥ በሌላው ላይ መስጊድ፥ በሌላውም ላይ የቡጋንዳ ንጉሥ ቤተ መንግሥት ይታያል። ዋንዴገያ ግን የተቀመጠው በኮረብታዎቹ መካከል ነው። በስተ ምዕራብ የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ፥ በስተ ሰሜን ምሥራቅ የሙላጎ ሆስፒታል፥ በስተ ደቡብ የናካሴሮ ኮረብታ ያዋስኑታል። ከከተማው መካከል ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው የቦምቦ መንገድም በመካከሉ ያልፋል። ስሙ የመጣው ኤንዴጌያ ከምትባለው፥ ጎጆዋን ከሣር እየሸመነች ከምትሠራው ወፍ ነው ይባላል። ዛሬ ከወፎቹ ጫጫታ ይልቅ የሞተር ሳይክል ጥሩምባ የበረታበት ቢሆንም፥ በመስቀለኛው መንገድ የሚተራመሰውን ሕዝብ ያየ ሰው ስሙ ያለ ቦታው አልተሰጠም ማለቱ አይቀርም።

ሰፈሩን ሰፈር ያሰኘው ጎረቤቱ ማኬሬሬ ነው። ማኬሬሬ በ1922 ሲከፈት 14 ተማሪዎች የአናጢነት፥ የግንባታና የመካኒክ ሥራ የሚማሩበት የቴክኒክ ትምህርት ቤት ነበር። ከዚያ ወዲህ እየሰፋ ሄዶ የምሥራቅ አፍሪካ ሊቃውንትና መሪዎች የወጡበት ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ በኋላ የታንዛኒያ ፕሬዚዳንት የሆኑት ጁሊየስ ኔሬሬም ከተማሩበት መካከል ናቸው። ተማሪ ባለበት ምግብ ሻጭ፥ መጽሐፍ ሻጭና ጎሚስታ አይጠፋም፤ ዋንዴገያም በዚሁ ይኖራል።

ቢስክሌት በኡጋንዳ የቆየ ታሪክ አላት። በ1907 የእንግሊዝ የቅኝ ግዛቶች ጉዳይ ምክትል ሹም የነበረው ዊንስተን ቸርችል አገሩን ሲጎበኝ የመንገዱን ከፊል በቢስክሌት ተጓዘ። በሚቀጥለው ዓመት ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍም በመካከለኛው አፍሪካ ለሚጓዝ ሰው ከመጓጓዣዎች ሁሉ ቢስክሌት የሚሻል መሆኑን ገልጧል። ምክንያቱም ግልጥ ነው፤ የባላገሩ እግር ያለሰለሰው ቀጭን መንገድ ለሠረገላ ባይበቃም ለሁለት ጎማ ግን ይበቃል። እንግዲህ ለቢስክሌት የተስማማው መንገድ መሐንዲስ ያልደረሰበት፥ ሕዝቡ ራሱ በእግሩ የሠራው መንገድ ነበረ ማለት ነው።

ነገር ግን ቢስክሌትን ከሹማምንት እጅ ወደ ገበሬው እጅ ያሸጋገራት ንግድ ነው። የባቡር ሐዲድ ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ተነሥቶ በ1901 የቪክቶሪያን ሐይቅ ነካ፤ በ1931 ደግሞ ካምፓላ ደረሰ። የጥጥ እርሻ በ1903 ተጀመረ፤ በኋላም ቡና ተስፋፋ። ጥጡንና ቡናውን የሸጠው ገበሬ ገንዘብ በእጁ ሲገባ ከሚመኛቸው ዕቃዎች አንዷ ቢስክሌት ሆነች፤ ምክንያቱም የገዛት ሰው በሚቀጥለው ዓመት ምርቱን ወደ ገበያ የሚያደርስባት ራሷ ነበረች። የሉጋንዳ ቋንቋ ቢስክሌትን ኤጋሊ ይላታል። ቃሉ ከሕንድ አገር የመጣ ሲሆን ለአማርኛው ጋሪም የቀረበ ነው። ባቡርም በዚያው ቋንቋ የጢስ ጋሪ ተብሎ ይጠራል። እንግዲህ በዚያ አገር አነጋገር ትልቁ ባቡርና ትንሿ ቢስክሌት የአንድ ቤት ልጆች ሆነው ይቈጠራሉ።

ቃሉ ብቻ ሳይሆን ሱቁም የሕንዳውያን ነበረ። የአስመጪውና የችርቻሮው ንግድ ታላቅ ክፍል በእነርሱ እጅ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። በነሐሴ 1972 ኢዲ አሚን እስያውያን በ90 ቀን ውስጥ አገሩን ለቀው እንዲወጡ ባዘዘ ጊዜ፥ ብዙ ሱቆች በአንድ ወቅት ባለቤት አጡ። ሱቁን የተረከበው ሰው ዕቃውን ሸጦ ሲጨርስ፥ ሌላ ዕቃ ከየት እንደሚመጣ፥ በምን ብድር እንደሚገዛና ለማን በዱቤ እንደሚሰጥ የሚያውቀው ባለሱቅ ከአገር ወጥቶ ነበር። የነጋዴ ሀብት በመደርደሪያው ላይ ካለው ዕቃ ይልቅ በእምነትና በልምድ ውስጥ የሚገኝ መሆኑን ለማስተማር ይህን የመሰለ ምሳሌ የለም።

ዛሬ በምሥራቅ አፍሪካ ሁሉ የታወቀው ቦዳ ቦዳ የሚባለው መጓጓዣም የተወለደው ከቢስክሌት ነው። በኡጋንዳና በኬንያ ወሰን በምትገኘው በቡሲያ በአንዱ አገር ኬላና በሌላው አገር ኬላ መካከል መንገደኛ በእግሩ የሚያቋርጠው መሬት አለ። በ1960ዎቹ ወጣቶች በቢስክሌታቸው ኮርቻ ኋላ መቀመጫ አበጅተው ሰውንና ዕቃውን ከወሰን ወደ ወሰን ማሻገር ጀመሩ። ወሰን በእንግሊዝኛ ቦርደር ይባላልና ነጂዎቹ መንገደኛ ለመጥራት ቃሉን እየደጋገሙ ሲጮኹ ቦዳ ቦዳ የሚለው ስም ወጣላቸው። በኋላ ሞተር ሳይክል መጥቶ ሥራውንም ስሙንም ወረሰ። ዛሬ በዋንዴገያ መስቀለኛ መንገድ ቦዳ ተብሎ ሲጠራ ዘወር የሚለው ባለሞተሩ ነው፤ ስሙን ያወጣችው ቢስክሌት ግን በመንገዱ ጠርዝ ጭነቷን ተሸክማ ዝም ብላ ታልፋለች።

አንባቢ ከእነዚህ ባለቢስክሌቶች አንዱን በሐሳቡ ይከተል። ሰውየው ገና ጎሕ ሳይቀድ ካሌርዌ ከሚባለው ገበያ ማቶኬ፥ ማለት ለወጥና ለገንፎ የሚሆነውን አረንጓዴ ሙዝ፥ ይጭናል። አንዱ ዘለላ 20 ኪሎ ግራም ቢመዝን አራቱ 80 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ይህም ከነጂው ክብደት የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ሁለት ዘለላ በኋላ መጫኛው ላይ፥ አንዳንድ ደግሞ በግራና በቀኝ በጎማ ማሰሪያ ይታሰራሉ። አንዱ ወገን ጥቂት ከከበደ መሪው ወደዚያው ስለሚስብ፥ ጫኙ ሚዛን እንደሚደፋ ባለሱቅ ተጠንቅቆ ያስተካክላል። ከዚያ በኋላ የቦምቦን መንገድ ይዞ ወደ ደቡብ፥ ወደ ዋንዴገያ ይወርዳል፤ ወይም ይወጣል፤ በካምፓላ መውረድና መውጣት የማይፈራረቁበት መንገድ የለምና።

ኡጋንዳ ከእንግሊዝ በተወረሰው ሕግ የሚነዳው በመንገዱ ግራ ነው። ስለዚህ የሰውየው ስፍራ በግራው ጠርዝ ላይ ነው። ነገር ግን የግራው ጠርዝ የብዙዎች ርስት ነው። በአንዱ ቦታ ታክሲ ተሳፋሪ ለማውረድ ይቆማል፤ ማታቱ የሚባለው አሥራ አራት ሰው ጫኝ አነስተኛ አውቶቡስ ማለት ነው። በሌላው ቦታ ጫማ ሻጭ ሸቀጡን ዘርግቷል፤ ከዚያ ቀጥሎ ክዳኑ የተነሣ የውሃ መሄጃ ቦይ አለ። ሰውየው ከእነዚህ ለመሸሽ ወደ ቀኝ ባዘነበለ ቊጥር ከኋላው የሚመጣው ሞተር ሳይክል ይደርስበታል። ወደ ኋላ ዞሮ እንዳያይ ጭነቱ ይጋርደዋል፤ ቶሎ እንዳይቆም ቁልቁለቱና ክብደቱ አይፈቅዱለትም። እንግዲህ በየማለዳው የሚመርጠው ከሁለት አንዱን ነው፤ ወይ አራት ዘለላ ጭኖ ትርፉንም አደጋውንም ማብዛት፥ ወይ ሦስት ጭኖ ሁለቱንም መቀነስ። የአንዱ ዘለላ ትርፍ ለልጁ ደብተር መግዣ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ አራተኛው ዘለላ ይጫናል።

ዳገት ሲመጣ ይወርድና ይገፋል። መግፋት ለእርሱ ነውር አይደለም፤ የሥራው ክፍል ነው። በዚህ ጊዜ ነው ሰውየው የሚያስበው። ባለሞተሩ ከቤቱ ሳይወጣ የነዳጁን ዋጋ ማሰብ አለበት፤ ሞተሩ የሌላ ሰው ከሆነም ለባለቤቱ የሚከፍለውን ኪራይ ጭምር ይቈጥራል። ባለቢስክሌቱ የሚቈጥረው እስትንፋሱን ነው። ባለሞተሩ በአንድ ሰዓት የሚሠራውን እርሱ በግማሽ ቀን ይሠራል፤ ዕዳ ግን በምሽት ደጁን አያንኳኳም። ልጁ ሞተር ሳይክል በብድር እንዲገዛለት ቢለምነው ምን እንደሚመልስለት ከዳገቱ ራስ እስኪደርስ ያሰላስላል። ፍጥነት ይሻላል ወይስ ነፃነት? ይህ ጥያቄ የእርሱ ብቻ ሳይሆን ሱቁን በብድር ለማስፋት የሚያስብ ነጋዴ ሁሉ ጥያቄ ነው።

ዝናብ ሌላው ዳኛ ነው። በካምፓላ ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ፥ ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከመስከረም እስከ ኅዳር ገደማ ይበረታል። ዝናቡ ሲወርድ ቀዩ ዐፈር ጭቃ ይሆናል፤ ከዋንዴገያ በስተ ሰሜን ምዕራብ ያለው ቡዋይሴ የተባለው ዝቅተኛ ሰፈርም በጎርፍ ይጥለቀለቃል። ፍሬን ሲረጥብ እንደ ልብ አይዝም። ያን ጊዜ ብልኅ ነጂ ከሱቅ በረንዳ ሥር ተጠልሎ ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቃል። እየጠበቀም ሮሌክስ ይበላል። ሮሌክስ ማለት በምጣድ የተጠበሰ እንቁላል ከሽንኩርትና ከቲማቲም ጋር በቻፓቲ ተጠቅልሎ የሚሸጥ ምግብ ነው፤ ስሙም የተጠቀለለ እንቁላል ከሚል የእንግሊዝኛ አነጋገር እንደ ተወሰደ ይነገራል። ዋንዴገያ ስሟ ከተጠራባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የተማሪና የሠራተኛ ምግብ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ፥ በዚህ ሰፈር እንቁላሉ በቢስክሌተኛው እግር ሲሄድ በማየቱ ፈገግ ሳይል አይቀርም።

ቢስክሌት ለእንጀራ ብቻ የሚነዳት ሳትሆን ለዓይንና ለልብ የሚነዳትም አለ። እሑድ ጧት መንገዱ ሲቀል ከዋንዴገያ የሚነሡ ብስክሌተኞች ሦስት ታላላቅ መንገዶች በፊታቸው ተዘርግተው ያገኛሉ። የመጀመሪያው ወደ ደቡብ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በሐይቁ ዳር ኢንቴቤ ይደርሳል። ሁለተኛው በማሳካ መንገድ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዶ ካያብዌ ላይ የምድርን ወገብ ያቋርጣል፤ በዚያ የቆመ ሰው አንዱን ጎማ በሰሜኑ፥ ሁለተኛውን በደቡቡ የዓለም እኩሌታ ላይ ማሳረፍ ይችላል። ሦስተኛው ወደ ምሥራቅ ነው፤ 300 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋውን የማቢራን ደን ሰንጥቆ፥ ከካምፓላ 80 ኪሎ ሜትር በምትርቀው በጂንጃ ያበቃል።

ይህ የመጨረሻው መንገድ ለኢትዮጵያ ሰው የተለየ ትርጉም አለው። በጂንጃ ነጭ ዓባይ ከሐይቁ ሲወጣ ይታያል። በ1862 ጆን ስፒክ የተባለው እንግሊዛዊ ተጓዥ የቆመበት ፏፏቴ፥ በ1954 የተመረቀው የኦወን ግድብ ውሃውን ከፍ ስላደረገው ከሥሩ ሰጥሟል። ከጎጃም ሰከላ፥ ከግሽ ዓባይ፥ የሚነሣው ጥቁር ዓባይ ከዚህኛው ጋር የሚገናኘው በካርቱም ነው። ግብፅ ከሚደርሰው ውሃ ከመቶ 80 በላይ የሚሆነው ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች የሚወርድ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ሆኖም ከጂንጃ የሚወጣው ውሃ በበጋም በክረምትም በአንድ ልክ ስለሚወርድ ወንዙ በደረቁ ወራት እንዲጸና ያደርገዋል። አንዱ ወንድም በክረምት በብርታት ይመጣል፤ ሌላው ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ይሠራል። ከድልድዩ ዳር ቢስክሌቱን ያስደገፈ መንገደኛ እንዲህ ያለውን ነገር የሚያስብበት ጊዜ አለው፤ በመኪና ያለፈ ሰው ግን ወንዙን አየሁ ከማለት በስተቀር የሚናገረው የለውም።

በቢስክሌት ሩቅ መሄድ እንግዳ ነገር እንዳይመስል፥ ካዚሚየሽ ኖቫክ የተባለውን ፖላንዳዊ መጥቀስ ይበቃል። ይህ ሰው ከ1931 እስከ 1936 ከትሪፖሊ እስከ አፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ፥ ከዚያም ተመልሶ እስከ አልጀርስ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል በቢስክሌት፥ በእግር፥ በፈረስና በግመል፥ በጀልባም ተጉዟል። በቀይ ባሕር ዳርቻ በስተ ደጋውም ቢሆን ቢስክሌት የተናቀች አይደለችም። አስመራ በ1946 የመጀመሪያውን የኤርትራ ዙር ውድድር አይታለች፤ ሽማግሌው ባርኔጣውን ደፍቶ፥ ወይዘሮዋም ዘንቢሏን ከፊት አስቀምጣ በቢስክሌት ወደ ገበያ መሄዳቸው በዚያች ከተማ የክብር እንጂ የድኽነት ምልክት ሆኖ አያውቅም። ኢትዮጵያ በ1956 በሜልበርን የኦሊምፒክ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሳተፍ፥ ገረመው ደንቦባ የነበሩበት የቢስክሌት ቡድን በመንገድ ውድድር 9ኛ ሆኗል። ቢንያም ግርማይ በ2024 በፈረንሳይ ዙር ሦስት ጊዜ አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ሲለብስ፥ ይህን ያገኘ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። በመስከረም 2025 ደግሞ የዓለም የመንገድ ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፥ ከኡጋንዳ ጎረቤት ከሩዋንዳ በኪጋሊ ተካሄደ።

ይሁን እንጂ የሻምፒዮናው መንገድ ለጥቂት ቀን ይዘጋል፤ የማቶኬ ጫኙ መንገድ ግን ለአንድ ሰዓትም አይዘጋለትም። ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። የኡጋንዳ የሥራና የመጓጓዣ ሚኒስቴር በ2012 በእግርና በቢስክሌት የሚሄዱትን ሰዎች የሚመለከት ፖሊሲ አውጥቷል። ከዚያም በኋላ በካምፓላ መካከል በናሚሬምቤና በሉዉም መንገዶች ላይ ለእግረኛና ለቢስክሌት የሚሆን መንገድ ለሙከራ ተሠርቷል። ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን መንገዱ ካለቀበት ስፍራ አንሥቶ ብስክሌተኛው ተመልሶ በመኪናና በቦይ መካከል ይገባል። ግማሽ ድልድይ ወንዝ እንደማያሻግር ሁሉ፥ ከገበያ እስከ ገበያ የማይዘልቅ መንገድም ነጋዴን አያደርስም።

ጢሱም ሊታሰብበት ይገባል። እዚያው ከዋንዴገያ አጠገብ በማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ በ2015 የተመሠረተው ኤርቆ የተባለው የምርምር ቡድን የአየሩን ንጽሕና የሚለኩ አነስተኛ መሣሪያዎች እየሠራ፥ ከመካከላቸው አንዳንዶቹን በቦዳ ቦዳ ሞተሮች ላይ ሳይቀር ተክሏል። ዳገት የሚወጣ ብስክሌተኛ ከማንም አብልጦ በጥልቅ ይተነፍሳል፤ ስለዚህ ጢስ የማያወጣው ሰው የሌላውን ጢስ አብዝቶ ይስባል ማለት ነው። አደጋ የደረሰበትም እንደ ሆነ የሚወሰደው በዚያው ሰፈር ወደሚገኘው ወደ ሙላጎ ነው። የአንድ ሜትር ስፋት ያለው የተለየ መንገድ ለመሥራት የሚወጣውን ገንዘብ የሚሳሳለት አስተዳዳሪ፥ ለአልጋ፥ ለመድኃኒትና አባት ለሌለው ቤት የሚወጣውን አብሮ ቢደምር ሒሳቡ ይለወጥበታል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ታላቅ ሀብት አይደለም። የቦዩን ክዳን መመለስ፥ የግራውን ጠርዝ ከቆመ መኪና ማጽዳት፥ ሸቀጡን ለዘረጋው ሰው በገበያው ውስጥ ሊከፍለው የሚችለውን ቦታ መስጠት፥ በየገበያው በር ቢስክሌት የሚታሰርበት ብረት መትከል፥ በመስቀለኛው መንገድም መብራቱ ሲለወጥ ብስክሌተኛውን ጥቂት ማስቀደም በአንድ የበጀት ዓመት የሚፈጸም ሥራ ነው። ነጋዴውም ድርሻ አለው። በሱቁ ደጅ የቆመው መኪና አንድ ደንበኛ ሲያመጣለት፥ በዚያው ስፍራ ሊታሰሩ የሚችሉት ብዙ ቢስክሌቶች ብዙ ደንበኞች ያመጡለታል። ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለኀምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው እንደ ተባለው፥ መንገዱም ሁሉ ከተካፈለው ለማንም አይከብድም።

በምሽት ማቶኬው ተሸጦ ካለቀ በኋላ ሰውየው ባዶዋን ቢስክሌት ይዞ በዋንዴገያ በኩል ወደ ሰሜን ይመለሳል። አሁን ጭነት ስለሌለው ኋላውን ማየት ይችላል፤ ዳገቱንም ሳይወርድ ይወጣዋል። በመንገዱ ዳር ከቀሩት ዛፎች በአንዱ ላይ ኤንዴጌያዎቹ በመንቁራቸው ሣር እየጎተቱ ጎጆአቸውን ይሸምናሉ። ወፏ አንድ ጊዜ የምትሸከመው አንዲት ሰበዝ ብቻ ነው፤ ይሁን እንጂ ቤቱ የሚቆመው በዚያችው ሰበዝ ነው። ከተማም እንዲሁ ነው። የካምፓላ ማድጋ ከሚሞላባቸው መንገዶች አንዱ ሰውየው በየማለዳው የሚጭናቸው አራት ዘለላዎች ናቸው። እነዚህን የሚሸከም ሰው በሰላም የሚያልፍበትን አንድ ሜትር መንገድ መስጠት ችሮታ ሳይሆን ዕዳን መክፈል ነው።